ቡጢው የሚቆምበት ቦታ

ቅዳሜ ጠዋት በአዲስ አበባ ሰፈሮች ስትዘዋወሩ ከአንዱ የቀበሌ አዳራሽ ወይም ከአንዱ ትምህርት ቤት ግቢ የለመዳችሁት ድምፅ ይመጣል። «ኢች! ኒ! ሳን!» እያለ አሰልጣኙ በጃፓንኛ ይቆጥራል። ሠላሳ አርባ ሕፃናት ነጭ በነጭ ለብሰው አየሩን በቡጢ ይነርቱታል። እናቶችና አባቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጠጋ ብላችሁ «ልጁን ካራቴ ያስገባችሁት ለምንድን ነው?» ብትሏቸው፣ አንዳንዱ «ማንም እንዳይነካብኝ» ይላል፤ ሌላው «ከስልኩ ይላቀቅልኝ ብዬ» ይላል። የአብዛኞቹ መልስ ግን ያው አንድ ነው፤ «ሥርዓት ይማርልኝ!»

እኛ ይህችን መልስ ስንሰማ ፈገግም ደንገጥም እንላለን። ፈገግ የምንለው ከመካከላችን አራቱ በልጅነታችን ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሰን፣ ያንኑ ቁጥር እየጮኽን ስላደግን ነው። ደንገጥ የምንለው ደግሞ «ሥርዓት» የምትባለው ቃል በእኛ አገር ስንት ነገር እንደምትሸከም ስለምናውቅ ነው። ካራቴ የልጅን ባሕርይ ይቀርጻል? አዎ፣ ይቀርጻል። ግን ወደየት?

ሁለት አዳራሽ

እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛን ወደ ካራቴ የወሰደን ሥርዓት ፍለጋ አልነበረም፤ ቪዲዮ ቤት ነው። በሳንቲም ገብተን፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የብሩስ ሊን ፊልም አይተን ስንወጣ የሰፈሩን የመብራት ምሰሶ ሁሉ በእርግጫ እንፈትነው ነበር። (ብሩስ ሊ የኩንግ ፉ እንጂ የካራቴ ሰው አለመሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው። ያኔ ለእኛ እግሩን ከወገቡ በላይ የሚያነሳ ሁሉ ካራቲስት ነበር።)

ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ማሠልጠኛ ነበር። የመጀመሪያው አሰልጣኝ ከእጁ የማይለይ ቁራጭ የውኃ ጎማ ነበረው። አቋቋም የተሳሳተ፣ የሳቀ ወይም ያረፈደ ጎማዋ ጀርባው ላይ ታርፋለች። እንደ ጧፍ ቀጥ ብለን ነበር የምንቆመው። ወላጆቻችን በመስኮት አይተው «ወይ ሥርዓት!» እያሉ ይደነቁ ነበር። ያላዩት ሰውየው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ የሚሆነውን ነው። ትልልቆቹ በእኛ ላይ፣ እኛ በትንንሾቹ ላይ እንዘምት ነበር። ቤት ስንገባ ደግሞ ተራው የታናናሽ ወንድሞቻችን ነው። ያ አዳራሽ ያስተማረን ነገር ቢኖር ጎማ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ትክክል መሆኑን ነው።

ሁለተኛው አሰልጣኝ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምተን አናውቅም። «ጋሼ» ነበር የምንለው። እሱ ጋ ልምምድ የሚጀምረው ከበር ነው፤ ጫማ ተወልቆ በመስመር ይደረደራል። ቀጥሎ ወለሉ ይጠረጋል፤ ጥቁር ቀበቶ የታጠቁትም ጭምር መጥረጊያ ይይዛሉ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት። እኛ ካራቴ የምንለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለሳምንታት ያው አንድ ዓይነት ቡጢ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ቢጫ ቀበቶውን ባገኘ በሳምንቱ፣ በብይ ጨዋታ የተጣላውን የጎረቤት ልጅ ፊቱን በቡጢ አለው። ጥርስ ወለቀ። የልጁ እናት ጥርሱን በሶፍት ጠቅልለው አዳራሹ ድረስ መጡ። «የሰው ጥርስ ማውለቅ ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?» እኛ አሁን ጎማ መጣ ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። ጋሼ እናትየውን ይቅርታ ጠየቀና ወደ ጓደኛችን ዞሮ አንድ ነገር ብቻ አለው፤ «እጅህን ስትሰነዝር፣ ማቆም ትችል ነበር?»

ጓደኛችን መልስ አልነበረውም። ጋሼ ራሱ ይዞት የልጁ ቤት ሄዶ ይቅርታ አስጠየቀው። ከዚያ ቢጫ ቀበቶው ተፈታና ከነጮቹ ጭራ ተሰለፈ። አንድ ገጽ ጋዜጣ በክር ተንጠለጠለለት። ሥራው ባለ በሌለ ኃይሉ መሰንዘርና ወረቀቱን ሳይነካ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ማቆም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀደድ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ጋዜጣው ሙሉ ነበር። ዛሬ ይህ ጓደኛችን የልጆች አባት ነው። ሲናደድ እጁ ከመነሳቷ በፊት ያለችውን ቅጽበት እንደሚያውቃት፣ ያ ጋዜጣም ትዝ እንደሚለው ይነግረናል። ካራቴ ባሕርይ ይሠራል ስንል ይህን ማለታችን ነው። ባሕርይ ያለው ቡጢው ጥንካሬ ላይ ሳይሆን ቡጢው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው።

የአስተማሪዎች ስፖርት

ይህ የጋሼ ፈጠራ አይደለም። ካራቴ ወደ ልጆች የመጣው በአስተማሪዎች እጅ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ አንኮ ኢቶሱ የተባለው ሊቅ ካራቴን በኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች አስገባ፤ ለተማሪዎች እንዲመቹ ብሎም «ፒናን» የሚባሉትን አምስት ካታዎች፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚደረጉ የልምምድ እንቅስቃሴዎች፣ አዘጋጀ። ተማሪው የነበረው ጊቺን ፉናኮሺ (እ.ኤ.አ. 1868 - 1957) በልጅነቱ ደካማ የነበረ፣ በሙያው የትምህርት ቤት መምህር የሆነ ሰው ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን ለቶኪዮ ያሳየው እሱ ነው። ሦስት ካታዎችን ብቻ ለመማር አሥር ዓመት ያህል እንደፈጀበት ስለ ራሱ ጽፏል። ለተከታዮቹ ከተወላቸው መመሪያዎች መካከል ሁለቱ ዛሬም በየማሠልጠኛው ይነገራሉ። አንዱ ካራቴ በአክብሮት ተጀምሮ በአክብሮት ያልቃል የሚል ነው። ሌላው ካራቴ ውስጥ ቀድሞ መማታት የለም የሚል ነው።

ግን ደግሞ አንሸፋፍን። ኢቶሱ በ1908 እ.ኤ.አ. በጻፈው ታዋቂ ደብዳቤ ካራቴን ለትምህርት ቤቶች ሲያቀርብ፣ ለውትድርና የሚሆኑ ጠንካራ ወጣቶች እንደሚወጡበትም ተናግሯል። ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ነገር አብሮ ነበር፤ ራሱን የሚገዛ ሰው የማፍራት ሐሳብና ትእዛዝ የሚፈጽም ወታደር የማፍራት ሐሳብ። የሰፈራችን ሁለቱ አዳራሾችም እነዚህ ናቸው።

ጥናትስ ምን ይላል?

«ይህ የእናንተ የሰፈር ወሬ ነው» የሚለን አይጠፋም። እንግዲያው ሰፈራችንን እንተወውና ጥናት እንጥቀስ። በ1986 እ.ኤ.አ. ማይክል ትሩልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጥፋት የለመዱ ታዳጊዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለስድስት ወር አሠለጠናቸው። ስፖርቱ ቴኳንዶ ነበር። አንዱ ቡድን ከነአክብሮቱ፣ ከነተመስጦውና ከነትምህርቱ ተማረ። ሌላው ግጥሚያውን ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ሮጠ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ። የመጀመሪያዎቹ ጠበኝነታቸው ቀነሰ። ግጥሚያ ብቻ የተማሩት ግን ባሰባቸው! በ2004 እ.ኤ.አ. ኪምበርሊ ሌክስና ዊልያም ሆይት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አምስተኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ ያወጡት ጥናት ደግሞ፣ ለሦስት ወር በአግባቡ ቴኳንዶ የተማሩት መደበኛውን የስፖርት ትምህርት ከተማሩት ይልቅ ራሳቸውን በመግዛት መሻሻላቸውን አሳየ። እነዚያ ልጆች የት ነኝ፣ ምን እያደረግሁ ነው፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ ይደረግ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። በኖርዌይ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤንድሬሰንና የኦልዌውስ ጥናት ቦክስ፣ ትግል፣ ክብደት ማንሳትና የእስያ የፍልሚያ ስፖርቶችን የሚሠሩ ወንድ ልጆች ከስፖርቱ ውጭ ያላቸው ጠበኝነትና አጥፊነት እንደጨመረ አገኘ። ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ስናነበው ለእኛ የሚታየን ይህ ነው፤ ነጩ ልብስ በራሱ ማንንም ጨዋ አያደርግም። ወሳኙ ልብሱን ለብሶ የሚደረገው ነው።

ይህን በዓለም ፊት ያየንበትም ቀን አለ። ካራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባበት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር፣ ከ75 ኪሎ በላይ የወንዶች ፍጻሜ ላይ የሳውዲው ታሬግ ሐመዲ 4 ለ 1 እየመራ ነበር። ከዚያ አንድ እርግጫ ሰነዘረ፤ የኢራኑ ሳጃድ ጋንጅዛዴህ ራሱን ስቶ ወደቀ። የማያውቅ ሰው ሐመዲ ወርቁን ወሰደ ብሎ ያጨበጭባል። ዳኞቹ ግን ከመጠን ያለፈ ምት ነው ብለው ከጨዋታው አስወጡት። ወርቁ በቃሬዛ ለወጣው ሰው ሆነ። ሐመዲ ብር ወሰደ። በዚያ ቀን ብዙ ተከራክረናል፤ «ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ያልንም ነበርን። እግሩን በመጨረሻዋ ሰከንድ መቆጣጠር ያልቻለ ሰው አሸነፈ አይባልም የሚለው ሕግ ግን ከጋሼ ጋዜጣ ጋር አንድ ነው።

ጎማው ሲወጣ

አሁን ወደ «ሥርዓት ይማርልኝ» እንመለስ። እኛ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባልን ያደግን ነን። ብዙ ጊዜ ጨዋ ልጅ የምንለው ዝም የሚለውን፣ አንገቱን የሚደፋውን ነው። ያ ልጅ ሲያድግ ምን እንደሚሆን በየመንገዱ እናየዋለን። ትራፊክ ፖሊስ ሲኖር ቀይ መብራት ያከብራል፤ ከሌለ ይጥሳል። አለቃው ቢሮ ሲገባ ያጎነብሳል፤ አለቃው ሲወጣ ሥራው ይቆማል። ጎማው ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ሥርዓት ፍርሃት ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም።

«ታዲያ ልጅ ይፈንጭ ነው የምትሉት?» አይደለም። ጋሼ ልል ሰው አልነበረም። ጎማ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ጋዜጣው ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ለአሰልጣኙም ቢሆን የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አብሮ ቆሞ ማየት ይጠይቃልና።

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። በየሁለት በሦስት ወሩ የቀበቶ ፈተና ይባላል፣ ክፍያ ይሰበሰባል፣ ሁሉም ያልፋል፣ ወላጅ ፎቶ ያነሳል። የቀበቶ ማዕረግ ካራቴ ከጁዶ የተዋሰው ነገር ነው፤ ትርጉሙም በመጠበቅ ውስጥ ነው። ወድቆ የማያውቅ፣ «ገና ነህ» ተብሎ የማያውቅ ልጅ ቀለም ነው የሚገዛው። አንድ ልጅ ከካራቴ የሚያተርፈው ትልቁ ነገር የሚመስለን ደግሞ ይኼው ነው፤ ዛሬ ያልቻልኩትን ነገ እንደገና እሞክራለሁ ማለት።

ስለዚህ ልጃችሁን አስገቡ፤ እኛም ስንወልድ እናስገባለን። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ አዳራሹን ግቡና ተመልከቱ። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀው መጥረጊያ ይይዛል? ትልቁ ከትንሹ ጋር ሲጋጠም እጁን ይሰበስባል? ያለቀሰ ልጅ ይሳቅበታል ወይስ ይጠበቃል? ሴቶቹ ልጆች እኩል ይሠራሉ ወይስ ጥግ ተሰጥቷቸዋል? አሰልጣኙ ሲሳሳት ይቅርታ ይላል?

ልጆቹ ምን ያህል ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ አይታችሁ ብቻ አትደነቁ። አሰልጣኙ ሻይ ሊጠጣ እስኪወጣ ጠብቁ። ከዚያ በመስኮት እዩ።