ወደ ማጂ ለሚሄድ መንገደኛ ስለ እጅ ጓንት ምርጫ

ሰው ለመንግሥት ሥራ ወደ ሩቅ አገር በታዘዘ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ስለ ስንቁና ስለ ልብሱ ይጨነቃል። እናቱ ዳቦ ቆሎውን ታዘጋጃለች፤ ባለቤቱ ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን አጥፋ ታስቀምጣለች፤ ስለ እጁ ግን የሚያስብለት ብዙ ጊዜ አይገኝም። እግር ጫማ አለው፤ ራስም ባርኔጣ አለው፤ የበቅሎውን ልጓም የሚጨብጠው፥ የሞተር ብስክሌቱን ፍሬን የሚይዘው፥ ደርሶም ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ ግን ራቁቱን ይሄዳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ማጂ የሚጓዝ ሰው ምን ዓይነት የእጅ ጓንት ሊይዝ እንደሚገባው ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ያ አገር የቡና አገር ነውና ጓንት ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ይህ አሳብ የሚመጣው አገሩን በስሙ ብቻ ከማወቅ ነው። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል፥ ሚዛን ተፈሪ 1,450 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራቸው፥ ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን የሚገኘው ማጂ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራማ አገር ላይ ነው። ሰው 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። በዚህም ላይ ደቡብ ምዕራቡ ከኢትዮጵያ ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ክፍል ነው፤ በሚዛን አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 2,000 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከቴፒ ሲነሣ በላብ የተጠመቀ መንገደኛ፥ በሚዛን ዝናብ ይመታል፤ በማጂም ጉምና ነፋስ ይቀበለዋል። በአንድ ጉዞ ሦስት አየር ያገኘዋል ማለት ነው።

በዚህ ነገር አብዝተው የተመራመሩት በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ስኪ በሚባለው በእግር በሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ መንገድ ያልተጠረገበትን ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ፥ በአንድ ጓንት አይተማመኑም። ሽቅብ ሲወጡ ሰውነት ስለሚሞቅ ስስ ጓንት ያደርጋሉ፤ ቁልቁል ሲወርዱ ነፋሱ ስለሚበረታ ስሱን አውልቀው ወፍራሙን ያጠልቃሉ። ወፍራሙን አድርጎ የወጣ ሰው ጓንቱ ከውስጥ በላብ ይርሳል፤ የራሰውም ጓንት በመውረጃው ጊዜ ጣትን ያቀዘቅዛል። ከእኛም ወገን ሮቤል ተክለማርያም በስኪ ተወዳድሮ፥ በ1998 ዓ. ም. በኢጣልያ በቶሪኖ፥ በ2002 ዓ. ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች በመገኘት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በማጂ በረዶ ለብሶ የሚኖር ተራራ የለም፤ ሕጉ ግን ለማጂ መንገደኛም ያገለግላል። ይኸውም ጓንት የሚመረጠው በውፍረቱ ሳይሆን በአየሩና በሥራው ነው።

አንደኛ፤ ደረቅ ብርድና ነፋስ ላለበት ጊዜ። በዚህ ጊዜ ክፉው ነገር ነፋሱ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ጧት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው፥ ባልተሸፈነ ገላው ላይ የሚሰማው ብርድ የ6 ዲግሪ ያህል ነው። የሱፍ ሹራብ ብቻውን ነፋስ ያስገባል፤ የለፋ ቆዳ ብቻውን ሙቀት አይበቃውም። ስለዚህ ከውስጥ ስስ የሱፍ ጓንት፥ ከላይ የቆዳ ጓንት ማድረግ ከአንድ ወፍራም ጓንት ይሻላል፤ ቢሞቅም አንዱን ማውለቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ለዝናብ ጊዜ። ውኃ ከማይንቀሳቀስ አየር ይልቅ ሙቀትን 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ እርጥብ እጅ በመጠነኛ ብርድ እንኳ ይደነዝዛል። የጥጥ ጓንት ውኃውን ጠጥቶ ስለሚይዝ ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ ሱፍ ግን ቢርስም ጥቂት ሙቀት ይጠብቃል። በላዩ ላይ ሰፋ ያለ የላስቲክ ጓንት ቢደረግ ዋጋው ትንሽ፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። እጁን ዝቅ አድርጎ በእግሩ የሚሄድ ሰው የካፖርቱን እጅጌ በጓንቱ ላይ ያውርድ፤ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ግን ጓንቱን በእጅጌው ላይ ይሳብ። ይህን የተወ እንደ ሆነ ዝናቡ በእጅጌው ወርዶ ወይ ጓንቱን ይሞላል፥ ወይ እስከ ክርኑ ያረጥበዋል።

ሦስተኛ፤ ለቆላ ሙቀት። በቴፒ ሜዳና ወደ ኦሞ በሚወርደው በረሃ ጓንት ለብርድ አያስፈልግም፤ ልጓም እንዳይልጠው፥ እሾህም እንዳይወጋው የሚፈልግ ሰው ግን ስስና ውስጡ ያልተደረበ የቆዳ ጓንት ይበቃዋል። ላብ ሲበዛም አውልቆ በነፋስ ያናፍሰው።

የጓንቱ ልክ ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል። የጠበበ ጓንት ደም እንዳይዘዋወር ስለሚከለክል፥ ያማረ ቢመስልም እጅን ያቀዘቅዛል። ሲገዙ እጅን ጨብጦ መዘርጋት፥ ቀጥሎም በጓንቱ ውስጥ ሆኖ ከጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ማንሣት ጥሩ መፈተኛ ነው። ከውስጥ ሱፍ የሚደረብ ከሆነም የላይኛው ከነሱፉ ይለካ።

ስለ አያያዙም ለቤት እመቤቶቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። የራሰ የቆዳ ጓንት ከእሳት አጠገብ ቢሰቀል ይደርቃል፥ ይኮማተራል፥ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በጥላ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ከደረቀም በኋላ ስፌቱ ጥቂት ዘይት በተቀላቀለበት የቀለጠ ሰም ይቀባ። ያ አገር ማር የሚበዛበት ስለ ሆነ ሰሙ ከዚያው ይገኛል።

ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ በነጋዴዎችም ዘንድ የሰላሌ በግ ቆዳ በስሙ ይታወቃል። በእንግሊዝ አገር በ1826 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የፒታርድስ ኩባንያ ከአገራችን የሚያስመጣውን የበግ ቆዳ ለጓንት ያለፋ ነበር፤ በኋላም በአዲስ አበባ ጓንት የሚሰፋበት ቤት ከፍቶ ነበር። የእኛ በግ የባዕዱን እጅ ካሞቀ፥ የራሳችን ሰው በማጂ ተራራ ላይ እጁን በብብቱ ሸጉጦ መሄዱ አያሳዝንምን?

አንዳንዱ ሰው ጓንትን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ቅምጥልነት ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በማጂ የሚያገኘው ብርድ እንደ በረዶ አገር ጣት የሚቈርጥ አይደለም፤ ጣትን ግን ያደነዝዛል። ከማጂ ወደ ቱም በሚወስደው ቁልቁለት ዝናብ ባረጠበው ጭቃ ላይ የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ጊዜውን ጠብቆ ሊጨብጥ አይችልም፤ የደነገጠችውንም በቅሎ ልጓም ስቦ አያቆምም። በዚያ ስፍራ በጓንትና በባዶ እጅ መካከል ያለው ልዩነት፥ ደኅና መግባትና ገደል መውደቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ልጇን ወይም ባሏን ወደዚያ አገር የምትሸኝ እመቤት ሁለት የሱፍ፥ አንድ የቆዳ፥ አንድም የላስቲክ ጓንት በሻንጣው ውስጥ ታድርግለት። ከሁለቱ ሱፎች አንዱን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ጠቅልላ፥ ከሁሉ በላይ፥ እጁ ቶሎ ከሚያገኘው ስፍራ ታስቀምጥለት። መንገደኛውም ይህን ደረቅ ጓንት ተራራው ጫፍ ላይ ደርሶ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ብቻ ያውጣው። አንዱ እስኪደርቅ አንዱ ያገለግለዋል፤ በደረቀ እጅም የሄደበትን ሥራ ፈጽሞ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።