አጥር ዓይንን እንጂ ጉድጓድን አያድንም

በቨርጂኒያ የገጠር ካውንቲዎች ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያኳርፉ ጉዳዮች አንዱ በግቢ ውስጥ የተከማቸ አሮጌ መኪና ነው። አንዱ ወገን «መሬቱ የእኔ ነው፤ ግብር እከፍልበታለሁ» ይላል። ሌላው «ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩትን ያፈሰስኩበት ቤት ዋጋ እያጣ ነው፤ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ የማየው ዝገት ብቻ ሆነ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ካውንቲው ግን መካከላቸው የሚገባው አንዱ ሌላውን ከከሰሰ በኋላ ነው፤ ከገባም በኋላ የሚጠይቀው «መኪናው ይታያል ወይስ አይታይም?» ብሎ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ዘይት ወዴት እንደሚሄድ ነበር።

እዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ነገሩን ከዳር ሆነን የምናየው አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ የቤት ዋጋ ሲወደድ የአይ-66 እና የአይ-95 አውራ ጎዳናዎችን ተከትሎ ወደ ውጭ የወጣ ወገን አለን። ሰፋ ያለ መሬት ገዝቶ የጭነት መኪናውን ከቤቱ ጎን የሚያቆም አለ። ከጨረታ ያወጣቸውን የተጋጩ መኪኖች በጓሮው የሚጠግን አለ። ከአጥሩ ማዶ የጉድጓድ ውሃ ለልጆቹ የሚያጠጣም አለ። ከሳሽም ተከሳሽም ልንሆን እንችላለንና ሕጉ የሚለውንም የሚጎድለውንም ማወቅ ይገባናል።

የቨርጂኒያ ሕግ፣ የማይሠራ መኪና በመኖሪያ፣ በንግድ ወይም በእርሻ ቀጣና በግልጥ እንዳይቀመጥ ካውንቲዎች ደንብ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። «የማይሠራ» የሚባለው መንቀሳቀስ ያቃተው ብቻ አይደለም። ጎማው ወይም ሞተሩ ወልቆ 60 ቀን የሞላው፣ ወይም የጸና ሰሌዳም ሆነ የምርመራ ቦሎ የሌለው መኪናም በዚሁ ይቆጠራል። ተነግሮት ያላነሣ ባለቤት ካለ ካውንቲው መኪናውን ራሱ አስነሥቶ ወጪውን በንብረቱ ላይ ዕዳ አድርጎ ሊያስይዝበት ይችላል። መውጫው ታዲያ ቀላል ነው። መኪናው ዝግ ቤት ውስጥ ከገባ ወይም ከእይታ ከተጋረደ ጥፋቱ ቀረ ማለት ነው። ቁመቱ የበቃ አጥር ያጠረ ሰው ሕጉን አክብሯል፤ ባትሪው ግን ከአጥሩ ጀርባ አፈር ላይ እንደተጋደመ ነው።

ይህ ዓይንን ያስቀደመ አካሄድ የቆየ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 እ.ኤ.አ. የፈረሙት፣ ባለቤታቸው ሌዲ በርድም አጥብቀው የደከሙለት የአውራ ጎዳና ማስዋቢያ ሕግ፣ ከዋና ዋና ጎዳናዎች በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያሉ የወዳደቁ መኪኖች ግቢዎች ከኢንዱስትሪ ቀጣና ውጭ ከሆኑ እንዲጋረዱ ወይም እንዲነሡ አዘዘ። ይህን የማያስፈጽም ግዛት ከፌዴራል የመንገድ ገንዘቡ 10 በመቶ ሊቀነስበት እንደሚችልም ደነገገ። በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ያሰበው በመኪና ለሚያልፈው መንገደኛ ነው፤ አጥር ተጋርቶ ለሚኖረው ሰው አልነበረም።

ከእይታ የራቀ ክምችት ምን እንደሚያመጣ ቨርጂኒያ በውድ ዋጋ ተምራለች። በጥቅምት 1983 መጨረሻ በፍሬድሪክ ካውንቲ፣ ከዊንቸስተር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የግል መሬት ላይ የተከመረ 7 ሚሊዮን ያህል ያገለገለ ጎማ ተቃጠለ። ክምሩ ለወራት ሲጨስ ከረመ። ጎማ ሲቃጠል ወደ ዘይትነት ይቀልጣልና ከእሳቱ ሥር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጋሎን ዘይት ወደ ጅረት እንዳይገባ መሰብሰብ ግድ ሆነ። ቦታው በፌዴራል መንግሥት እጅግ የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ጽዳቱም ዓመታት ፈጀ። ያ ሁሉ ጎማ በአንድ ሌሊት የተከመረ አልነበረም። በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ ሲቆለል ሕጉ በጊዜ አላስቆመውም።

ትንሹም ግቢ ቢሆን የራሱ መዘዝ አለው። የአንድ ተራ መኪና ባትሪ ከ8 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እርሳስ ይይዛል። ከአንድ መኪና የሚለወጥ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። የፍሬን ዘይቱ፣ ጣፋጭነቱ ውሻ የሚስበው መርዛማው የራዲያተር ፈሳሽ፣ ዝናብ አቁሮ ትንኝ የሚያራባው ጎማ ሲጨመርበት ነገሩ ከመልክ ማጥፋት ያልፋል። የኤዥያ ነብር ትንኝ የሚባለው በሽታ አስተላላፊ ትንኝ ወደ አሜሪካ የገባው በ1980ዎቹ ከውጭ በመጡ ያገለገሉ ጎማዎች ውስጥ ባቆረ ውሃ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የጉድጓድ ውሃ ነው። ከአምስት ቨርጂኒያውያን አንዱ ገደማ የሚጠጣው ከግል ጉድጓድ ነው። በ1974 የወጣው የፌዴራል የመጠጥ ውሃ ሕግ የግል ጉድጓድን አይመለከትም፤ ውሃውን ማስመርመር የባለቤቱ ፈንታ ነው። የሸናንዶዋ ሸለቆ ደግሞ በአብዛኛው የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ነው። ላይ የፈሰሰው ነገር በአፈር ሳይጣራ በስንጥቁ ሾልኮ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፈቃድ አውጥቶ መኪና የሚፈታ ድርጅት በዝናብ ታጥቦ ለሚወርደው ፈሳሽ የብክለት ፈቃድና ቁጥጥር አለበት። በጓሮው አሥራ አምስት መኪና ያቆመ ግለሰብ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ መረብ ውጭ ነው። እሱን የሚያገኘው የጎረቤት አቤቱታ ብቻ ነው።

አቤቱታ ጠብቆ የሚንቀሳቀስ ሕግ ሁለት በደል ይሠራል። አንደኛ፣ እኩል አይዳኝም። ሰው ከተግባባ ሃያ መኪና ሃያ ዓመት ይቀመጣል፤ ከተቀያየመ ሦስት መኪና ያስቀጣል። አዲስ ገቢው፣ ድኻው፣ ንግግሩ ለየት ያለው ሰው ቶሎ ይከሰሳል። ሁለተኛ፣ በጣም የተጎዳው ሰው ዝም ይላል። ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ ይፈራል፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት ለማን እንደሚደወል አታውቅም፤ አዛውንቱ ከጎረቤት መቃቃርን ይጠላሉ።

የከሳሹ ስም ይገለጥ ወይስ ይሰወር የሚለውም ግዛቶችን አለያይቷል። ቨርጂኒያ የዞኒንግ፣ ማለትም የመሬት ቀጣና ደንብ፣ ጥቆማ በምስጢር ያቀረበን ሰው ማንነት መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ሳይገልጥ እንዲይዝ ትፈቅዳለች። ፍሎሪዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ ደግሞ፣ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በስተቀር፣ ስምና አድራሻ ሳይሰጥ በቀረበ ጥቆማ ምርመራ እንዳይጀመር ከልክላለች። እኔ የምደግፈው፣ መሥሪያ ቤቱ ጠቋሚውን እንዲያውቅና ሕዝብ ግን እንዳያውቅ ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ጠቋሚ ሕጉን የቂም መወጫ ሊያደርገው ይችላል፤ ስሙ በአደባባይ የሚወጣበት ሰው ደግሞ ጉድጓዱ ተበክሎም አፉን አይከፍትም።

የመኪናው ባለቤትም በቅንነት ሊደመጥ ይገባል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ አንዱ የጣለው ለሌላው እንጀራ እንደሚሆን አይጠፋውም። በገጠር አሜሪካም እንደዚያው ነው። አንዱን መኪና ለማስኬድ ሁለተኛው ለመለዋወጫ ይቀመጣል፤ ሥራው ሩቅ ነው፤ አውቶቡስ የለም፤ አዲስ ዕቃ ውድ ነው። የቆመው መኪና ለዚህ ሰው ቁጠባው ነው። በቀን እየተቆጠረ የሚጨምር ቅጣት ሲመጣበት መኪናውን የሚያስነሣበት ገንዘብ ራሱ ለቅጣት ይሄዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በቲምስ እና በኢንዲያና ጉዳይ፣ ከመጠን ያለፈ መቀጮ የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ግዛቶችንም እንደሚገዛ ወስኗል። ካውንቲዎች ይህን ውሳኔ ሊያስቡበት ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ደንቡ በጉዳት ይለካ። መኪናው ታየም አልታየም ፈሳሹ ይቀዳ፣ ባትሪው ይነሣ፣ ጎማው ከዝናብ ይከለል፣ ከጉድጓድና ከጅረት የሚርቅበት ልክ ይወሰን። ቀጥሎ፣ ከመቀጮ በፊት እርዳታ ይቅደም። ከዊንቸስተሩ እሳት በኋላ በነበሩት ዓመታት ቨርጂኒያ በአዲስ ጎማ ሽያጭ ላይ ክፍያ ጥላ በየቦታው የተከመረውን ጎማ አስነሥታለች። በዚያው መንገድ በዓመት ጥቂት ቀናት ጎማ፣ ባትሪና የማይሠራ መኪና በነፃ የሚነሣበት ዕድል ይሰጥ። በመጨረሻ፣ በመኖሪያ ስም ንግድ የሚያካሂድ፣ ከሌላ ካውንቲ ቆሻሻ እየተቀበለ የሚከምር ሰው ላይ ሕጉ ሳያመነታ ይጠንክር። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የነበረ ግቢ ሥራውን የመቀጠል መብት አለው። ይህ መብት ግን የጎረቤትን ውሃ የመበከል ፈቃድ አይደለም።

«ይህማ መንግሥት በየጓሮው እንዲገባ መፍቀድ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ባለቤቱ እምቢ ያለውን ተቆጣጣሪ ማዘዣ ሳይዝ እንዳይገባ ወስኖ ያንን በር ጠብቋል። የንብረት ነፃነት ከአጥሩ መለስ ላለው ነው። ዘይቱ አጥሩን አልፎ ከሄደ ነገሩ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኗል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 በዩክሊድ ጉዳይ ዞኒንግን ሲያጸና ያገናዘበውም ይህንኑ ነበር፤ በአንዱ ቦታ ነውር የሌለው ነገር በሌላው ቦታ ጎረቤትን ሊጎዳ ይችላል።

ለወገኖቼም የምለው አለኝ። መሬት ከመግዛታችሁ በፊት ቀጣናው ምን እንደሚፈቅድ ከካውንቲው ጠይቁ፤ የሻጭን ወይም የደላላን ቃል ብቻ አትመኑ። «እርሻ» የተባለ መሬት ሁሉ የጭነት መኪና ማቆሚያ ወይም ጋራዥ አይሆንም። የጥሰት ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ፖስታውን አስቀምጣችሁ አትርሱት። በቨርጂኒያ አብዛኛውን ጊዜ ይግባኝ የሚጠየቀው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ውሳኔው ይጸናል፤ አንዳንድ ጥሰት ደግሞ ከዚያ ያጠረ ቀን አለውና ወረቀቱን አንብቡ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ደግሞ አስመርምሩት። ቨርጂኒያ ቴክ በየካውንቲው ባሉት የኤክስቴንሽን ቢሮዎች በኩል በቅናሽ ዋጋ ምርመራ ያካሂዳል። ጎረቤት ላይ ስልክ ከማንሣታችሁ በፊትም አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩ። በሽምግልና ያደግን ሰዎች ነን፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን የምንተርት ሰዎች ነን። ተነጋግሮ ያልተፈታ ብቻ ወደ ቢሮ ይሂድ።

የቨርጂኒያ ካውንቲዎች አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም ዕቅዳቸውን ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንዲከልሱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ነዋሪ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። በዚያ ስብሰባ ላይ በብዛት የሚገኘው በቤቱ ዋጋ የሚጨነቀው ሰው ስለሆነ ደንቡም ለመልክ ማድላቱ አያስገርምም። የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣውም፣ በጓሮው መኪና ጠግኖ የሚያድረውም ተገኝተው ይናገሩ። ቦርዱ የአጥርን ቁመት ከመለካቱ በፊት ውሃውን እንዲለካ የሚጠይቁት እነሱ ካልሆኑ፣ የሚቀጥለው ደንብም በአጥር ቁመት ብቻ ተለክቶ ይወጣል።