ሽሮ ሜዳ እንደ መማሪያ ክፍል

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች የሚኖሩበትና የሀገር ባህል ልብስ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ድርና ማጉ በስንት ተገዛ፣ ጥለቱ ስንት ቀን ፈጀ፣ ገበያው ለጥምቀት እስኪደራ ድረስ ገንዘቡ ታስሮ ሲቆይ ኪሳራውን ማን ይችላል? እዚያ እነዚህ ጥያቄዎች በየቀኑ መልስ ይሻሉ። ተማሪዎቻችን ግን ሥራ ፈጠራን የሚያውቁት በአብዛኛው ለፈተና በሸመደዱት ትርጉም ነው። ይህ እትም ተማሪው በትንሽ ገንዘብ ገዝቶ፣ ሠርቶ፣ ሸጦና መዝገብ ይዞ ይማር ይላል።

ማስረጃው አንድ ወጥ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት፣ አነስተኛ ድርጅት አቋቁመው የተማሩ የኮሌጅ ተማሪዎች ነጋዴ የመሆን ፍላጎታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ለአንዳንዶች ይህ የመርሐ ግብሩ ውድቀት ነው፤ ለእኔ ግን፣ ንግድ እንደማይስማማው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ያለ ዕዳ የተረዳ ወጣት ብዙ አትርፏል። በቶጎ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን ያሳተፈና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ፣ በራስ ተነሳሽነት ላይ ያተኮረ ሥልጠና ትርፍን በ30 በመቶ ሲያሳድግ የተለመደው የንግድ ሥልጠና ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አረጋግጧል።

እንዲህ ያለው የተግባር ሥራ ልጆቹን ከትምህርት ወደ ችርቻሮ ይጎትታል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ስለዚህ ሥራው በክፍለ ጊዜ ይገደብ፤ ማርክ የሚሰጠውም ለትርፉ ሳይሆን ለመዝገቡ ይሁን። ሸማኔ በእንግዳ መምህርነት የጋበዘ ትምህርት ቤት ካለ፣ የገጠመውን ይጻፍልን።