የኢፖክሲ ቅብና የጅማ ክረምት

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የቡና ማጠቢያ ጣቢያን ወለል በኢፖክሲ ለማስቀባት ከቀለሙ ይልቅ የወሩ ምርጫ ሊቀድም ይገባል። ኢፖክሲ የሚጠነክረው ሬዚኑና ማጠንከሪያው በተወሰነ ልክ ሲዋሃዱ ነው። ስለዚህ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ማጠንከሪያ ማብዛት አይበጅም፤ ትርፉ ሳይዋሃድ ቀርቶ ቅቡን ያለሰልሰዋል። ልኩ ተጠብቆ ሳለ ገጹ ብቻ ቅባት ከመሰለ፣ ብዙውን ጊዜ የአሚን ማጠንከሪያው ከአየሩ እርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር መዋሃዱን ያመለክታል፤ ይህ በለብታ ውሃ ታጥቦ ይለቃል። ውስጡ ካልጠነከረ ግን ቅቡ ተፍቆ ከመነሣት በቀር መፍትሔ የለውም። ለጥቅምት ለቀማ ለመድረስ ሲባል በሐምሌና በነሐሴ በረጠበ ኮንክሪት ላይ መቀባት ይህን ኪሳራ መጋበዝ ነው። ሥራው ለቀማው ካበቃ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ የጠዋቱ ጤዛ ሲደርቅ ቢጀመር፣ የተበላሸውን ለማረም እንኳ ወራት ይተርፋሉ። በለቀማ መካከል የሚላጥ ወለል ግን ጊዜ አይሰጥም።