አበበን በዛሬ ሰዓት አትመዝኑት

ሰሞኑን ነጌሌ ካስተማርኳችሁ አንዱ «ቲቸር፣ አበበ ቢቂላ እኮ ዛሬ ቢሮጥ ሴቶቹም ይቀድሙታል» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቻችሁ ላይክ አደረጋችሁለት። ስለዚህ መልሱን እዚሁ በአደባባይ ልስጥ።

ቁጥሩ ልክ ነው። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታለች፤ አበበ በ1964 ቶኪዮ 2:12:11። ድምዳሜው ግን ውሃ አይቋጥርም።

ሰዓት የሚዳኘው አብረው የሮጡትን ነው። አበበ ቶኪዮ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ 40 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። የካርበን ጫማ የለ፣ አሯሯጭ የለ። ገብቶ ጨርሶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተከታዩ ገና አልደረሰም፤ ልዩነቱ ከአራት ደቂቃ በላይ! ዛሬ በአራት ደቂቃ የሚቀድም ማን አለ? እስቲ ጥሩልኝ።

ትዕግስትንም ትልቅ ያደረጋት አበበን በ18 ሰከንድ መብለጧ አይደለም። በዘመኗ የነበረውን ሪከርድ ባንድ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆረጠችው። በዚህ ሚዛን ሁለቱም አንድ ወገን ናቸው፤ እናንተ ናችሁ ያጣላችኋቸው።

«የቀነኒሳ ሪከርድ እኮ ተሰበረ» የምትሉም አላችሁ። አዎ፣ የ10 ሺው 26:17.53 በ2005 ተመዝግቦ በ2020 ተሰበረ። 15 ዓመት! የኡጋንዳው ቼፕቴጌ ጎበዝ ነው፣ አላሳንሰውም። ግን አዲሱ ጫማ፣ በትራኩ ጠርዝ ፍጥነት የሚያሳየው መብራት፣ የራሱም ጉልበት ተደምሮ ያሻሻለው ስድስት ሰከንድ ተኩል ነው።

ማርሽ ቀያሪው ምሩፅስ? በ1976 አፍሪካ ሞንትሪያልን ስትተው እሱም ቀረ። በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወሰደ። ያልሮጠውን ኦሊምፒክ በየትኛው ሰዓት ትለኩለታላችሁ?

ቦረና ያደጋችሁ ልጆች ደግሞ ይሄ ሊጠፋችሁ አይገባም። እናንተ ጋ ዘመን በአባ ገዳው ስም ነው የሚጠራው፣ በየስምንት ዓመቱ። አንድ አባ ገዳ ሲነሳ በሱ ጊዜ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ ከብቱስ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ጉድጓድ በሞተር በሚሳብበት ዘመን አይለካም።

የኔን ምርጫ ለጠየቃችሁ፦ በማራቶን አበበ፣ በትራክ ቀነኒሳ። የኃይሌ ደጋፊዎች እንደምትቆጡ አውቃለሁ፤ ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበትን እኔም አልረሳሁም። ኮመንቱ ክፍት ነው፣ ሰዓት ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ እንጂ።