መጥረጊያ ይዘው የመጡ ደጋፊዎች

ቡናው ገና እየተቆላ ነው፤ አቦሉ እስኪወጣ ጊዜ አለን። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ አንተ ከወንበርህ ሳትነሣ «አለቀልን! ይሄ ክለብ አበቃለት!» ስትል ሰምቼሃለሁ። አዝነህ ነበርና ያኔ ዝም አልኩ።

«ታዲያ አላበቃለትም? ዋንጫውስ ይቅር፣ አውሮፓ መግባታችን እንኳ ያጠራጥራል እኮ!»

ክለብ አበቃለት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የቤሪ ሰዎች ይንገሩህ።

«የማን ሰዎች?»

የቤሪ። ከማንቸስተር መሐል ተነሥተህ በከተማ ባቡር ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል ብትሄድ የምታገኛት፣ ድሮ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የምትታወቅ ከተማ ናት። የአንተው ጋሪ ኔቪል አገር።

«ጋሪ የቤሪ ልጅ ነው እንዴ?»

ወንድሙ ፊል ጭምር። አባታቸው ለቤሪ ክለብ ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ፤ እናታቸውም ለረጅም ዓመታት የክለቡ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ከስታዲየሙ ጥላ ፎቆች አንዱ በአባትየው ስም ነው የሚጠራው። አንተ ለሃያ ዓመት ስታጨበጭብለት የኖርከው ተጫዋች ከየት ቤት እንደወጣ አየህ?

የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «መቅበር» ከሚለው ቃል ጋር ፊደሉም ድምፁም አንድ ነው። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ ምሽግ ከሚለው ጥንታዊ ቃል የመጣ ነው። ይህን የምነግርህ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግርህ፣ እንዳይምታታብህ።

ክለቡ የተመሠረተው በ1885 ነው። በዚያው ዓመት ጊግ ሌን የሚባለው ሜዳ ላይ መጫወት ጀመረ። በ1894 ሊጉን ተቀላቀለ። ኤፍኤ ካፕን ሁለት ጊዜ በልቷል፤ በ1900 ሳውዝሃምፕተንን 4 ለ 0፣ በ1903 ደግሞ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 አሸንፎ። በዚያ በ1903ቱ ውድድር ከመጀመሪያው ዙር እስከ ፍጻሜው አንድም ግብ አልገባበትም። በፍጻሜ ጨዋታ 6 ለ 0 ያሸነፈ ሌላ ክለብ ከመቶ ዓመት በላይ አልተገኘም።

«ሲቲ ዋትፎርድን አላሸነፈም? እዚሁ ቤት አብረን ነው ያየነው።»

ቆይ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

አንተና እኔ የምናውቃት እንግሊዝ የሃያ ክለቦች እንግሊዝ ናት። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ሌላ 72 ክለብ በሦስት እርከን ተደርድሯል። ከሦስቱ ዝቅተኛው፣ በጠቅላላው አራተኛው እርከን፣ ሊግ ሁለት ይባላል። ሃያ አራት ክለብ አለው፤ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት በቀጥታ ያድጋሉ፣ ከአራት እስከ ሰባት ያሉት አንዲቷን የቀረች ቦታ በጥሎ ማለፍ ይሻሙባታል። ቤሪ በ2018 ከሊግ አንድ መጨረሻ ወጥቶ ወደዚያ ወረደ። ክለቡ ሲወርድ ቡድኑን ለራያን ሎው ሰጡት። ሎው የሊቨርፑል ሰው ነው፤ ለዚሁ ለቤሪ አጥቂ ሆኖ የተጫወተና በቋሚነት ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የማያውቅ።

ይህ ሰው ምን አደረገ መሰለህ? ከኋላ ሦስት ተከላካይ ብቻ አስቀርቶ ቡድኑን በሙሉ ወደፊት ለቀቀው። የወረደ ቡድን ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው የሚጫወተው፤ ቤሪዎች ግን ሦስት ቢያስገቡብን አራት እናስገባለን ብለው ነው የወጡት። ዳኒ ሜየር የሚባል አማካይ አለ፤ ኳስ እግሩ ሥር ከገባች ማስጣል ጭንቅ ነው። ከፊት ኒኪ ሜይናርድ በሊጉ ብቻ 21 አገባ። ቡድኑ በጠቅላላው 82 ግብ አስቆጠረ። በዚህ እርከን ያሉ ቡድኖች ኳስ ወደ ሰማይ እየጠለዙ ነው የሚጫወቱት ሲባል ስሰማ ቅር የሚለኝ እነዚህን ልጆች ስለማስታውስ ነው።

«ጥሩ ነዋ! ታዲያ ምኑ ላይ ነው ያበቃለት?»

ክለቡ ውስጡን እየተበላ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ባለቤት ስቱዋርት ዴይ ከአቅም በላይ ደመወዝ እየከፈለ፣ ጊግ ሌንን ለብድር አስይዞ ነበር። የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች እንኳ ለባለሀብቶች ተሸጠዋል። ወደ 4 ሺህ ተመልካች በአማካይ የሚመጣለት ክለብ ከበር ገቢው ብቻ ያን ሁሉ አይችልም፤ ከቴሌቪዥን ገንዘብ ደግሞ እዚያ ታች የምትደርሰው ፍርፋሪዋ ናት። ዲሴምበር 2018 ላይ ስቲቭ ዴል የሚባል ነጋዴ ክለቡን በአንድ ፓውንድ ገዛው።

«በአንድ ፓውንድ? ክለብ?»

ከነዕዳው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው በኋላ በሬዲዮ ቀርቦ፣ ቤሪ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ መኖሩን እንኳ ቀድሞ እንደማያውቅ በገዛ አፉ ተናገረ። 134 ዓመት የኖረ ክለብ ነው! አያት ልጁን፣ ልጅ ልጁን ይዞ የሚሄድበት ሜዳ ነው። ሊጉም ቢሆን አዲሱ ባለቤት ክለቡን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ሳያረጋግጥ ነው ሽያጩ ያለፈው። እዚያ ላይ ነው ትልቁ ጥፋት የተፈጸመው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚያ ውጤት ነው።

የማርች ደመወዝ በጊዜው አልገባም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በዕዳ ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። ልጆቹ ግን ጠዋት ልምምድ ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ይጫወታሉ። የዚህ እርከን ተጫዋች እንደ አንተ ከዋክብት ሳይሆን የቤት ብድር እየከፈለ ልጅ የሚያሳድግ ደመወዝተኛ ነው። ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2019፣ ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ካለው ከትራንሜር ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ያቺ አንድ ነጥብ በቃቻቸው፤ ወደ ሊግ አንድ አደጉ! ደጋፊው ሰክሮ ሳይሆን አልቅሶ ነበር የዘፈነው። በ79 ነጥብ ከሊንከን ሲቲ ቀጥለው ሁለተኛ ወጡ፤ ሦስተኛ የወጣው ኤምኬ ዶንስም 79 ነበረው፣ የለያቸው የግብ ልዩነት ብቻ ነው።

አሁን ቅድም ያነሣኸው ሲቲ መጣ። ከዚያች ማክሰኞ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ ሜይ 18፣ ማንቸስተር ሲቲ ዌምብሌይ ላይ ዋትፎርድን 6 ለ 0 አሸነፈ። የቤሪን የ1903 ክብረ ወሰን የተጋራው ያን ዕለት ነው። በባቡር የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ጎረቤት፣ ገንዘቡ የማያልቅ፣ ከ116 ዓመት በኋላ እኩል ደረሰበት። በዚያች ዕለት ባለ ክብረ ወሰኑ ክለብ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው አጥቶ ነበር። አንተና እኔ እዚህ ተቀምጠን ስድስቱን ግብ አንድ በአንድ ስንቆጥር ይህን አላወቅንም።

«እውነት ነው፣ ማንም አልነገረን።»

ክረምቱ ከበደ። ሎው ወደ ፕሊማውዝ ሄደ፤ ሜየርና ሌሎችም ተከተሉት። አልፈርድባቸውም። እዚያም ያንኑ ጨዋታቸውን ተጫውተው በዓመቱ ፕሊማውዝን ወደ ሊግ አንድ አሳደጉት፤ ቤሪ ሊጫወትበት ወደነበረው ሊግ ማለት ነው። በጁላይ አበዳሪዎቹ ስምምነት ፈረሙ፤ የተጫዋቾቹ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይከፈል፣ ሌላው አበዳሪ ከአንድ ፓውንድ 25 ሳንቲም ይድረሰው የሚል። ለዚህም ቅጣት ገና ሊጉ ሳይጀመር 12 ነጥብ ተቀነሰባቸው። የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከዚያው ከኤምኬ ዶንስ ጋር ነበር። አልተፈቀደላቸውም፤ ገንዘቡን አሳዩን ተባሉ። ሁለተኛውም ቀረ፣ ሦስተኛውም ቀረ።

የመጨረሻው ቀን ኦገስት 27 ተብሎ ተቆረጠ። ማክሰኞ፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት። ሊገዛ የመጣ አንድ ድርጅት ነበርና ከተማው ተስፋ አድርጓል። ቅዳሜ ደግሞ ዶንካስተር ወደ ጊግ ሌን ይመጣል። ሜዳው ለወራት ሰው ሳይገባበት ቆይቷል፤ ወንበሩ አቧራ ጠጥቷል፣ አረሙ በቅሏል፣ የሚያጸዳ ሠራተኛ የለም። ያን ዕለት ጠዋት በሩ ሲከፈት ደጋፊው በመቶዎች እየሆነ መጣ። መጥረጊያ የያዘ፣ ባልዲ የያዘ፣ የቀለም ብሩሽ የያዘ፣ ልጁን አስከትሎ የመጣ። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የመጣም ነበር። ወንበሩን በጨርቅ ወለወሉ። ደረጃውን ጠረጉ። የቅዳሜን እንግዳ ለመቀበል ቤት የሚያዘጋጁ ነበር የሚመስሉት። ምስሉን በስልኬ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

«ከዚያስ?»

እነሱ እየጠረጉ ሳለ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ገዢው ድርጅት ትቼዋለሁ አለ። የሰማው ሰው መጥረጊያውን እንደያዘ እዚያው ቆመ። ምሽቱን ሊጉ ወሰነ፤ ቤሪ ከአባልነት ተሰረዘ። ከ1992ቱ ሜይድስቶን ወዲህ እንዲህ የደረሰበት ክለብ አልነበረም። በነጋታው ጋዜጣ ላይ በስሙ የተጫወቱበት አሉ፤ «መቅበር» ከሚለው ቃል ጋር እያያያዙ። ቅድም ስለ ስሙ የነገርኩህ ለዚህ ነው። እኔ ያ አርእስት አላስደሰተኝም። የለቅሶ ቤት በር ላይ የቃላት ጨዋታ አይጫወቱም። ጎረቤታቸው ቦልተንም በዚያው ገመድ ላይ ነበር፤ በማግስቱ ገዢ አገኘና ዳነ። ሊግ አንድ ያን ዓመት በ23 ክለብ ተጫወተ። የቤሪ ቦታ ባዶ ሆኖ ከረመ።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን የቤሪ ሰው ወዴት ይሂድ? አንተ «ሌላ ክለብ ይደግፍ» ትል ይሆናል።

«አልልም! እኔ ወዴት ልሂድ?»

እሱን ነው የምልህ። ከደጋፊው ከፊሉ በዚያው በ2019 ቤሪ ኤኤፍሲ የሚባል አዲስ ክለብ መሠረተ፤ በ2020 በጎረቤት ከተማ በራድክሊፍ ሜዳ፣ ከላይ ሲቆጠር አሥረኛ በሆነው እርከን መጫወት ጀመረ። ሌላው ደግሞ «ጊግ ሌን ሳይመለስ ምን ክለብ አለን?» ብሎ ሜዳውን ለማስመለስ ገንዘብ ማሰባሰብ ያዘ። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የተለያዩ ነበሩ ይባላል። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። አንዱ ልጁን ቅዳሜ የሚወስድበት ጨዋታ ፈለገ፣ ሌላው አባቱ የወሰደውን ሜዳ ፈለገ።

በ2022 መጀመሪያ ላይ ሜዳው ለደጋፊዎች ማኅበር ተሸጠ፤ መንግሥትም 1 ሚሊዮን ፓውንድ አገዘ። ሁለቱ ወገኖች እንዲዋሐዱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ድምፅ ተሰጠ፤ የሚፈለገው ድምፅ አልሞላም። በ2023 እንደገና ተሰጠ፣ ሞላ። በዚያው ዓመት ቤሪ በስሙ፣ በነጭና ሰማያዊ መለያው፣ ጊግ ሌን ገባ። ዘጠነኛው እርከን ላይ።

በመንግሥት በኩልም ነገሩ ሳይነሣ አልቀረም። ከቤሪ መሰረዝ በኋላ «በደጋፊዎች የሚመራ» የተባለ ጥናት በ2021 ቀረበ፤ በጁላይ 2025 ደግሞ የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ጸደቀ። ከእንግዲህ ክለብ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚያስተዳድር ከሊጉ ውጭ የሆነ ተቆጣጣሪ ይጠይቀዋል። ይህ ሕግ በ2018 ቢኖር ኖሮ የሎው ቡድን ሊግ አንድ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር አስባለሁ። ሜየርና ሜይናርድ ጊግ ሌን ላይ አንድ ዓመት ቢጨመርላቸው ብዬ አስባለሁ። ያን ለእነዚያ ልጆችና ለዚያ ከተማ ማንም ሊመልስላቸው አይችልም።

«ከዚያስ የት ደረሱ?»

ኤፕሪል 2025፣ የዘጠነኛው እርከን የመጨረሻ ቀን። ዋንጫው በዚያ ጨዋታ ነው የሚለየው። አሸነፉ፣ ስምንተኛው እርከን ገቡ። ጊግ ሌን ከ8 ሺህ በላይ ሰው ነበር፤ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ባደጉበት ዓመት በአማካይ ይመጣ ከነበረው እጥፍ ያህል። ለዘጠነኛ እርከን ጨዋታ!

«እነዚያ መጥረጊያ ይዘው የመጡትስ? እነሱም ነበሩ?»

እነሱማ መቼ ሄዱና! በል አቦሉ ወጣ፤ ስኒህን አቅርብ።