ዩኒፎርሙ ተገኘ፣ መንገዱስ?



ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ያገኛሉ። አልሐምዱሊላህ! ግን ምገባው የሚጠቅመው ትምህርት ቤት ለደረሰ ልጅ ነው።

አቃቂ ቃሊቲን አስቡት። ከካዛንቺስ በልማት የተነሡ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ገብተዋል፤ ቱሉ ዲምቱም ሰው ሞልቷል። ሁለት ታክሲ የሚቀያይር ልጅ ደርሶ መልስ በቀን 4 ጊዜ ይከፍላል፤ ሁለት ልጆች ከሆኑ 8 ጊዜ። የቀን ሠራተኛ እናት ይህን ከየት ታምጣ? ብሩ ሲያልቅ ልጁ ወይ ይቀራል፣ ወይ ከባድ መኪና በሚርመሰመስበት አስፋልት ዳር በእግሩ ይኳትናል።

መንግሥትን ነፃ የተማሪ ሰርቪስ መጠየቅ ተገቢ ነው። እስከዚያው እኛስ? ዘካ ከሚገባቸው 8 ክፍሎች የመጀመሪያዎቹ ድሆችና ሚስኪኖች ናቸው። ረመዳንን አንጠብቅ። የየመስጂዱ ወጣቶች የተቸገሩትን ልጆች መዝግቡ፤ የዘካውን አሰጣጥ ዑለማዎችን ጠይቁ፤ በሰደቃ ደግሞ አንድ ሚኒባስ በወር ተኮናተሩ። የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅም አብሮ ይሳፈር፤ ሰደቃ ለጎረቤት በሩን አይዘጋም።

ለመስጂድ ግንባታ ሲሚንቶ እናዋጣ የለ? የየቲምን ልጅ ክፍል ማድረስም ግንባታ ነው።

አላህ ያግራልን።